ጋዝ ሁለት ጊዜ ተሞልቶለት የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ በኮንዶሚኒየም ቤት የምኖር የ3 ልጆች እናት ነኝ። ባለ ሁለት በር ኖ ፍሮስት ፍሪጃችን ከተገዛ 13 ዓመት አልፎታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከላይ ያለው ፍሪዘር ሥጋውን እንደ ወትሮው ድንጋይ ሲያደርገው፣ ታችኛው ክፍል ግን አልቀዘቅዝ ብሏል፤ ወተት በማግስቱ ይበላሻል፣ ወጥም ይሻግታል። የጠራነው ባለሙያ «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ወደ ሱቁ ወስዶ ሞላልን። ከ3 ቀን በኋላ ሲመልሰው እንደ አዲስ ሠራ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን ወደነበረበት ተመለሰ። ለሁለተኛ ጊዜ ወስዶ ሲሞላውም የሆነው እንደዚያው ነው። አሁን ደግሞ «ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፣ መቀየር አለበት» ይለናል። ሞተሩ ሌሊትና ቀን አያርፍም፣ ጎንና ጎኑ ይሞቃል፣ ከአትክልት መያዣው ሥርም ውኃ ይጠራቀማል። አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው እዚሁ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ኮምፕሬሰሩን እናስቀይር ወይስ አዲስ እንግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ፍሪጁ ከመነጋገራችን በፊት የአማትዎን ኢንሱሊን ማስቀደም ይገባል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል፣ በረዶ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ቢቀልጥም አያገለግልም። ስለዚህ ፍሪጁ እስኪስተካከል ድረስ ያልተከፈተውን ደህና ፍሪጅ ካለው ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡት፤ ይበልጥ ይቀዝቅዝ ብለው ወደ ፍሪዘሩ ግን ፈጽሞ እንዳያስገቡት። ተከፍቶ በአገልግሎት ላይ ያለው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቦታ፣ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ልኩ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ይጠይቁ። እስካሁን በዚህ ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተውንም ለሐኪማቸው ሳይነግሩ እንዳይቀጥሉበት አደራ እላለሁ፤ ሰሞኑን የስኳራቸው መጠን ያለ በቂ ምክንያት ከፍ ብሎ ከሆነ አንዱ ሰበብ ይኸው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንምጣ። በዓይኔ ሳላየው ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ባይቻልም፣ የጻፉልኝ ምልክቶች በሙሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ፦ ፍሪጅዎ ጋዝ አልጎደለውም፣ ኮምፕሬሰሩም አልደከመም፤ ቅዝቃዜው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ በበረዶ ተዘግቷል። ይህ ግምት ትክክል ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልግዎ ኮምፕሬሰር ሳይሆን ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር የማይወዳደር አንድ ትንሽ ዕቃ ነው።

ነገሩ እንዲገባዎት የፍሪጅዎን አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። በእንዲህ ዓይነቱ ባለ ሁለት በር ኖ ፍሮስት ፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚፈጠረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ይኸውም ከፍሪዘሩ የኋላ ፕላስቲክ ግድግዳ ጀርባ የተደበቀው፣ ስስ የአልሙኒየም ክንፎች የተሰካኩበት የማቀዝቀዣ ቱቦ ነው። አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አየሩን በክንፎቹ መካከል እያሳለፈች አብዛኛውን ለፍሪዘሩ ትሰጣለች፣ የቀረውን ደግሞ በጠባብ መተላለፊያ ወደ ታች ትልካለች። ታችኛው ክፍል የራሱ የሆነ ቅዝቃዜ አመንጪ የለውም፤ የሚኖረው ከላይ በሚላክለት ነው። በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት ደግሞ በእነዚያ ክንፎች ላይ አመዳይ እየሆነ ይጋገራል። ፍሪጁ በዚህ አመዳይ እንዳይታፈን፣ ኮምፕሬሰሩ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል በሠራ ቁጥር ታይመሩ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ኮምፕሬሰሩን አቁሞ፣ ከክንፎቹ ሥር ያለውን የማሞቂያ ሽቦ፣ ማለትም ባለሙያዎች ሂተር የሚሉትን፣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ያበራዋል። አመዳዩ ይቀልጣል፤ ውኃውም በትንሽ ቀዳዳ ወርዶ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ባለው ሳህን ላይ ይተናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የቤቱ ባለቤት ሳያውቀው ነው፤ ኖ ፍሮስት መባሉም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ስትበጠስ አመዳዩ ሳይቀልጥ ያድራል። በየቀኑ እየደረበ ሄዶም በመጨረሻ በክንፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ማራገቢያዋ ብትዞርም አየር ማሳለፍ አትችልም። ፍሪዘሩ ከበረዶው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለሚገናኝ ሥጋውን ማድረቁን ይቀጥላል፣ ታችኛው ክፍል ግን የሚላክለት አየር ስለተቋረጠበት ይሞቃል። ቴርሞስታቱ ሙቀቱን ሲያይ ኮምፕሬሰሩን ሥራ እያለ ያዘዋል፣ እርሱም ሌት ተቀን ይሠራል፣ ሙቀቱን የሚያስወጣባቸው ጎኖቹም ይግላሉ። ከአትክልት መያዣው ሥር የሚያገኙት ውኃም የውኃ መውረጃዋ ቀዳዳ በበረዶ ወይም በቆሻሻ መደፈኗን ይነግረናል። ችግሩ የጀመረው በክረምት መሆኑ እንኳ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ በክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚያዝል፣ ማቅለጫው የደከመ ፍሪጅ ከበጋው ይልቅ ቶሎ ይጋገራል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ትኩረቴን ከሁሉ በላይ የሳበው ግን ፍሪጁ በባለሙያው ሱቅ 3 ቀን ማደሩና ሲመለስ እንደ አዲስ መሥራቱ ነው። ፍሪጁ በእነዚያ ቀናት ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ የቆመበት ጊዜ ሳይኖር አይቀርም፤ በረዶውም በዚያ መካከል ቀልጦ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ጋዝ ቢሞላም ባይሞላም ሲመለስ በደንብ መሥራቱ አይቀርም ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መበላሸቱም ክንፎቹ እንደገና እስኪጋገሩ የወሰደው ጊዜ ነው። ባለሙያው ሊያታልልዎ ፈልጎ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሞላሁት፣ ሠራ ብሎ ራሱም አምኖበት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ፍሪጅ በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ጊዜ ሲመለስ፣ ሦስተኛውን ወጪ ከመጠየቅ በፊት የኋላውን ግድግዳ ፈትቶ ማየት የባለሙያ ግዴታ ነው።

«ጋዝ ጨርሷል» ስለሚባለው ነገርም ግልጽ ልሁን፤ በዚህች ቃል ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ሲያባክን አያለሁና። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ፣ አንዴ ጋዝ እየሆነ ያንኑ ዙር ሲዞር ይኖራል፤ ቱቦው ካልተቀደደ ፍሪጁ በተወለደበት ጋዝ ያረጃል። ጎድሎ ከተገኘ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላትም ጥገና አይባልም። ደግሞም ጋዝ በእውነት ሲጎድል ፍሪዘሩም አብሮ ይጎዳል፤ አይስ ክሬም ይለሰልሳል፣ ሥጋው መንጠብጠብ ይጀምራል፣ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ጎኖቹ ግን ለብ ከማለት አያልፉም። የእርስዎ ፍሪዘር ሥጋ ያደርቃል፣ ጎኖቹም ይግላሉ። ሥጋ ድንጋይ የሚያደርግ ኮምፕሬሰር ደግሞ ጋዙን በደንብ እየገፋ ነውና ደክሟል ሊባል አይገባውም።

ይህን ግምት ያለ ብዙ ወጪ በራስዎ ቤት መፈተን ይችላሉ። በመጀመሪያ አንድ ተራ ቴርሞሜትር ይግዙና ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከትተው በታችኛው ክፍል መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት፤ ጠዋት ቤተሰቡ በሩን መክፈትና መዝጋት ከመጀመሩ በፊት ያንብቡት። ውኃ ውስጥ የሚቀመጠው የአየሩ ሙቀት በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚዋዥቅ ነው። የሚፈለገው 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ለፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። በእጅ ዳስሶ ቀዝቅዟል ማለት አያዋጣም፤ 10 ዲግሪ ለእጅ ቀዝቃዛ ነው፣ ለወተትና ለወጥ ግን አይበቃም።

ከዚያ በፍሪዘሩ ያለውን ዘመድ ዘንድ ያሳድሩና ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው፣ ሁለቱንም በሮች ከፍተው፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈው ሁለት ቀን ሙሉ ይተዉት። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው በረዶ ከሚገምቱት በላይ ወፍራም ነው። ማፋጠን ከፈለጉ በፍሪዘሩ ውስጥ ሙቅ ውኃ የያዘ ድስት ማስቀመጥ ይቻላል። በረዶውን በቢላዋ ወይም በካቻቪቴ ለመፈንቀል ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ የአልሙኒየሙ ቱቦ በቀላሉ ይበሳል፣ ያን ጊዜ እስከ ዛሬ ያልነበረው የጋዝ ችግር በእርግጥ ይፈጠራል። ሁለቱ ቀናት ሲያልፉ መልሰው ይሰኩት፤ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ቴርሞሜትሩን ማንበብ ይጀምሩ፣ ቁጥሩንም በየጠዋቱ በወረቀት ይመዝግቡ። ታችኛው ክፍል ለቀናት 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ቆይቶ ከዚያ ወደ 7፣ ወደ 10 እያለ መውጣት ከጀመረ፣ ያለ አንዳች የጋዝ ጠብታ ተስተካክሎ መልሶ ተበላሽቷልና ነገሩ የለየለት የበረዶ ማቅለጫ ብልሽት ነው።

ባለሙያ የሚጠሩት ያን ጊዜ፣ ማለትም ፍሪጁ እንደገና መሞቅ ሲጀምር ይሁን፤ በረዶው በቦታው እያለ መታየት አለበት። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ የፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ በጥቂት ብሎኖች ይፈታል፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ጤነኛ ፍሪጅ ላይ የሚታየው በክንፎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል የተረጨ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ ለመቁጠር የማይከለክል ስስ ነጭ አመዳይ ነው። የማቅለጫ ብልሽት ያለበት ላይ ክንፎቹ ጨርሶ አይታዩም፤ የሚያገኙት እንደ ግንብ የደረቀ፣ አልፎ አልፎ የፕላስቲኩን ግድግዳ ሳይቀር የያዘ የበረዶ ቋጥኝ ነው። ጋዝ የጎደለው ላይ ደግሞ ሦስተኛ መልክ አለ፦ ቱቦው የሚጀምርበት ጥግ ላይ ብቻ በረዶ ይጋገራል፣ የቀረው ቱቦና ክንፍ ግን ደረቅና እርቃኑን ይሆናል። እነዚህን ሦስት መልኮች ለይቶ ያወቀ ሰው በጋዝ ስም በቀላሉ አይሸነገልም።

ቋጥኙ ከተገኘ የሚፈተሹት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። ሂተሩ በቴስተር ይለካል፤ ሽቦው ከተቃጠለ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ከእርሱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለው የሙቀት ፊውዝም እንዲሁ ይለካል። ሦስተኛው ከቱቦው ጋር የተጣበቀው የማቅለጫ ቴርሞስታት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ይሳሳታል። ይህ ዕቃ መስመሩን የሚያገናኘው ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ብቻ ሲሆን በክፍል ሙቀት ሲለካ ጤነኛውም እንደተበላሸ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ በብርዱ መለካት አለበት። በአንዳንድ ፍሪጆች የእርሱን ቦታ የሚሸፍነው ከካርድ ጋር የተያያዘ ሴንሰር ነው። አራተኛው ታይመሩ ሲሆን፣ በካቻቪቴ ቀስ ብሎ ሲዞር ቀጭ ብሎ ኮምፕሬሰሩን ማቆምና ሂተሩን ማብራት ይኖርበታል፤ ካበራና በረዶው መንጠባጠብ ከጀመረ ሂተሩ ደህና ነው፣ ዳተኛው ታይመሩ ራሱ ነው። የትኛውም ሆነ የትኛው የሚቀየረው የተበላሸው ብቻ ነው። ግድግዳው እስከተፈታ ድረስም የውኃ መውረጃዋ ቀዳዳ በሞቀ ውኃ ትታጠብ፤ ይህች ሥራ ከተዘለለች ሂተሩ ቢቀየርም የቀለጠው ውኃ መሄጃ አጥቶ መልሶ ይጋገራል።

ግድግዳው ሲፈታ ክንፎቹ ንጹሕ ሆነው፣ ነገር ግን ማራገቢያዋ የማትዞር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእርሷ ሞተር ነው፤ የፍሪዘሩን በር ከፍተው የበሩን ማጥፊያ በጣት ሲጫኑ ድምፅዋ ካልተሰማዎት ይህን መጠርጠር ይገባል። ይህም ቢሆን ኮምፕሬሰር አያስቀይርም።

ምናልባት እኔ ተሳስቼ ሦስተኛው መልክ ቢገኝ፣ ማለትም ጋዙ በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ፣ ሥራው በወጉ እንዲሠራ ይጠይቁ። ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና መጠኑን በግራም ይናገራል፤ በፍሪጅዎ ዕድሜ አር 134 ኤ ወይም አር 600 ኤ መሆኑ አይቀርም። ቀዳዳው መገኘትና መበየድ፣ ፊልተሩ በአዲስ መቀየር፣ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ መመጠጥ፣ ጋዙም በሚዛን ተመዝኖ መግባት አለበት። አር 600 ኤ የሚቀጣጠል ጋዝ በመሆኑ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እየቀላቀሉ መሙላትም ሆነ ጋዙ በቱቦው ውስጥ እያለ በእሳት መበየድ ለቤተሰብዎ አደጋ ነው፤ ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃ ጠፍቶ ይከናወን። ባለሙያው ሚዛንና ፓምፕ ሳይዝ ጠርሙስ ብቻ ይዞ ከመጣ በክብር ይሸኙት።

ኮምፕሬሰሩ ዛሬ ደህና ነው ብል እንኳ ለ13 ዓመት የሠራ መሆኑን አልረሳሁም፤ በተለይ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ይጎዳዋልና ጥገናውን አያዘግዩ። የቀሪ ዕድሜው ዋና ጠላት የመብራቱ ሁኔታ ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ሞተሩ ለመነሣት ይታገላል፣ ይግላል፣ መከላከያው ቀጭ ብሎ ያቆመዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መንቀል፣ ሲመለስም 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት፣ ወይም ይህን በራሱ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር መግዛት ያስፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ በመሆኑ ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካለ፣ በጋገሩ ቁጥር የፍሪጁ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ፍሪጁ በዲቫይደር ሳይሆን በራሱ ሶኬት ይሰካ። ወደፊት ኮምፕሬሰሩ ቀጭ እያለ አልነሣ ካለም፣ ሞቷል ከመባሉ በፊት ከጎኑ ያለው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሪሌይ ተቀይሮ ይሞከር።

የበሩን ላስቲክ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እርጥበቱ የሚገባው በእርሱ በኩል ነውና። አንድ የብር ኖት በበሩና በላስቲኩ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ከወጣ በዚያ ቦታ አየር ይገባል። ላስቲኩን በሳሙናና በሞቀ ውኃ ያጥቡት፣ የተጣመመውን በፀጉር ማድረቂያ አለስልሰው ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ካልሆነ ይቀየር። የሚሞቁት የፍሪጁ ጎኖችም ከግድግዳ ወይም ከቁም ሣጥን ጋር እንዳይጣበቁ፣ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉላቸው።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ልስጥ፦ ኮምፕሬሰሩን አያስቀይሩ፣ አዲስ ፍሪጅም ገና አይግዙ። ብልሽቱ ሂተር፣ ቴርሞስታት፣ ታይመር ወይም ማራገቢያ ሆኖ ከተገኘ ያለ ማመንታት ያሠሩት። የተበሳው ቱቦ ከግድግዳው አረፋ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ በእርግጥ ሞቶ ከተገኘ ግን በ13 ዓመት ፍሪጅ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰሱን አልመክርም፤ ያ ገንዘብ ለአዲሱ መግዣ ይቀመጥ። ሂሳቡን ሲያሰሉ መብራቱንም ይጨምሩበት፦ 130 ዋት የሚስብ ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ከሠራ በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ እያረፈ ሲሠራ ግን ግማሹ ሊበቃው ይችላል።

ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አስረክቦ፣ ምን እንደቀየረ በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይሂድ። ቴርሞሜትሩን ግን ቢያንስ ለአንድ ወር ከብርጭቆው እንዳያወጡት፤ የአማትዎን ኢንሱሊን ወደ ፍሪጁ የሚመልሱት በየጠዋቱ የሚያነቡት ቁጥር ከ2 በታች ሳይወርድ፣ ከ8 በላይም ሳይወጣ ወሩን ሙሉ ከጸና በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚቀመጥበት ከመካከለኛው መደርደሪያ ፊት ለፊት፣ ከኋላው ግድግዳና ከበሩ ኪስ የራቀ ቦታ ይሁን።